ምልክት በሌለበት መንገድ፦ የአሶሳ አዲስ አሽከርካሪ ምን ተምሮ ይውጣ?

በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የተመዘገበ ሰው፣ አዲስ አበባ ይማር አሶሳ፣ የሚያጠናው በመሠረቱ አንድ ነው፦ የማሽከርከር ሥነ ባሕርይ፣ የተሽከርካሪ መሠረታዊ ቴክኒክ፣ የመንገድ ሥነ ሥርዓትና የትራፊክ ደኅንነት፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ። የምልክቶቹም ሥዕል አንድ ነው። የሚለየው ፈቃዱን ተቀብሎ መሪ የሚይዝበት መንገድ ነው። አንዱ የትራፊክ መብራት ባለበት መስቀለኛ መንገድ ይጀምራል። ሌላው ከአሶሳ ወደ ሆሞሻና ሸርቆሌ፣ ወይም ከግልገል በለስ ወደ ማንኩሽ ሲያቀና ከብቱ፣ እግረኛው፣ ሞተር ሳይክሉና ባለ ተሳቢው መኪና በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ይጠብቁታል።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነዋሪ አብዛኛው ገጠሬ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 784,345፣ የአሶሳ ከተማ ደግሞ 24,214 ነበር። ዛሬ ከተማዋ ከዚያ እጅግ ሰፍታለች፤ ባጃጁና ሞተሩም አብሯት በዝቷል። ጥያቄው ይህ ነው፦ ለምልክት በተሠራ መንገድ የተጻፈ ትምህርት፣ ምልክቱ ጥቂት በሆነበት አገር ለአዲስ አሽከርካሪ ምን ያህል ይበቃዋል? አደጋ ሲደርስስ የጎደለው ምንድን ነው? የአሽከርካሪው ዕውቀት ነው፣ የመንገዱ አሠራር ነው፣ ወይስ የቁጥጥሩ መላላት? በዚህ ላይ የተለያዩ አቋሞች አሉ፤ ሁሉም በቂ ማስረጃ ይዘው አልቀረቡም።

ሥዕሎቹ ከየት መጡ

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ መኪና እየነዳ አዲስ አበባ ገባና መኪናውን ለዳግማዊ አጼ ምኒልክ አስረከበ። ያኔ ለመኪና የተበጀ ዓለም አቀፍ የመንገድ ምልክት የሚባል ነገር ገና አልተወለደም። የመጀመሪያው ስምምነት ፓሪስ ላይ የተፈረመው በ1909 እ.ኤ.አ. ሲሆን ያጸደቃቸው ምልክቶች አራት ብቻ ነበሩ፦ ያልተስተካከለ መንገድ፣ ጠመዝማዛ፣ መስቀለኛ መንገድና የባቡር ሐዲድ ማቋረጫ። አራቱም «ተጠንቀቅ» የሚሉ ናቸው። የሚከለክል ምልክት ከመካከላቸው የለም። የዚያ ዘመን ስጋት መንገዱ ራሱ ነበር፤ ሌላ መኪና መግጠሙ ብርቅ ነበርና።

ዛሬ ማሰልጠኛ ውስጥ የሚሰጠው የቅርጽ ሥርዓት የጸናው በ1931 እ.ኤ.አ. በመንግሥታት ማኅበር ሥር ጄኔቭ ላይ በተደረገው ስምምነት ነው። ሦስት ማዕዘን ለአደጋ ማስጠንቀቂያ፣ ክብ ለትእዛዝና ለክልከላ፣ አራት ማዕዘን ለመረጃ ሆነ። በ1968 እ.ኤ.አ. የቪየናው ስምምነት ይህንኑ አስፋፍቶ ደነገገ፤ በጽሑፍ ፈንታ ሥዕል እንዲቀድምም አደረገ። የኢትዮጵያ ምልክቶች የዚህ ቤተሰብ ናቸው። በእኛ ማሰልጠኛዎች የሚያስጠነቅቁ፣ የሚቆጣጠሩና መረጃ የሚሰጡ ተብለው ይከፈላሉ። የሚቆጣጠሩት ደግሞ የሚከለክሉ፣ የሚያስገድዱና ቅድሚያ የሚያሰጡ እየተባሉ ይዘረዘራሉ።

አዲስ አሽከርካሪ ይህን አከፋፈል ለፈተና ሲል ብቻ ቢሸመድደው ትልቅ ነገር ያመልጠዋል። ቅርጹን የለየ ሰው የሥዕሉ ትርጉም ቢጠፋበት እንኳ ከምን ዓይነት መልእክት ጋር እንደተገናኘ ያውቃል። ቀይ ጠርዝ ያለው ሦስት ማዕዘን ካየ ፊት ለፊቱ አደጋ አለ፤ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳል። ቀይ ጠርዝ ያለው ክብ ካየ አንድ ነገር ተከልክሏል። «ቁም» የሚለው ስምንት ማዕዘንና «ቅድሚያ ስጥ» የሚለው የተገለበጠ ሦስት ማዕዘን ከሌሎቹ የተለየ ቅርጽ የተሰጣቸው ጭቃ ቢለጠፍባቸው ወይም ከጀርባቸው ቢታዩ እንኳ እንዲታወቁ ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ በማይለየው የአሶሳ አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀኝና ግራ በድንበሩ በኩል

ኢትዮጵያ በግራ ከመንዳት በቀኝ ወደ መንዳት የተሻገረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ለመሀል አገር ሰው ይህ የተዘጋ ታሪክ ነው፤ ለድንበር ክልል ግን ተከታይ አለው። ጎረቤት ሱዳን ያኔ ገና በግራ ነበር የምትነዳው፤ ወደ ቀኝ የዞረችው ሐምሌ 30 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ዘጠኝ ዓመታት በኩርሙክም በመተማም በኩል ድንበር የተሻገረ መኪና መስመር መቀየር ነበረበት። ኬንያ ዛሬም በግራ ስለምትነዳ የሞያሌ አሽከርካሪ ይህን ያውቀዋል። በኩርሙክ በኩል የሱዳንና የኢትዮጵያ አሽከርካሪ ዛሬ በአንድ ጎን ይነዳሉ፤ የምልክቶቹም ሥዕል ይቀራረባል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳን ጦርነት በኩርሙክ በኩል ብዙ ስደተኛ አምጥቷል። ከዚያ በፊትም ሸርቆሌ፣ ባምባሲና ፆሬ የስደተኛ መጠለያ ያለባቸው ቦታዎች ነበሩ። ዕርዳታ ጫኝ መኪና፣ የድርጅት ላንድክሩዘርና የሕዝብ ማመላለሻ በአንድ መንገድ ይመላለሳሉ። በጉባ በተሠራው ግዙፍ የኃይል ማመንጫ ግድብ ምክንያት ደግሞ ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስኪመረቅ ድረስ ሲሚንቶ፣ ብረትና ማሽን የጫኑ ከባድ መኪኖች በቻግኒና በግልገል በለስ አልፈው ወደ ጉባ ሲተሙ ኖረዋል። ክልሉን ለሁለት የሚከፍለው ዓባይ ነው፤ የመተከልና የአሶሳ ትራፊክ የየራሱ ጠባይ አለው። ስለ «ክልሉ አሽከርካሪ» በጥቅሉ የሚናገር ሰው ይህን ልብ ቢል መልካም ነው።

ከረዳትነት ወደ ማሰልጠኛ

ማሰልጠኛ ተቋማት ሳይስፋፉ የሙያው መግቢያ በር ረዳትነት ነበር። ረዳቱ ጭነት ያወጣል፣ ጎማ ይቀይራል፣ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ድንጋይ ይወሸቃል፤ ሾፌሩ ሲደክመው መሪ ያስይዘዋል። በዚህ መንገድ የሰለጠነ ሰው መኪናውንና መንገዱን ያውቅ ነበር፤ ሕጉን ግን የሚያውቀው ሾፌሩ ባወቀው ልክ ነው። የሾፌሩም መጥፎ ልማድ አብሮ ይወረሳል።

የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 600/2000 ይህን መስመር ለወጠው። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ደረጃ ይባል የነበረው መንጃ ፈቃድ በተሽከርካሪው ዓይነት ተከፈለ። ዛሬ ሾፌሮች «ሕዝብ አንድ»፣ «ደረቅ ሁለት»፣ «ፈሳሽ አንድ» እያሉ የሚጠሩት ከዚያ የመጣ ነው። አዋጁ በ1074/2010 ተተካ። የመንገድ ላይ ጥፋትና ቅጣት ደግሞ በደንብ ነው የሚወሰነው፦ ደንብ ቁጥር 208/2003፣ ማሻሻያው 395/2009፣ ከዚያም በ2016 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 557። ሰው ለሞተበት አደጋ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 አለ። ግዴታውን ወይም ግልጽ ደንብ ተላልፎ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከተራ ቸልተኛ ለይቶ በከበደ ቅጣት ያያል። ብዙ አዲስ አሽከርካሪ ይህን ልዩነት የሚያውቀው ፍርድ ቤት ከቀረበ በኋላ ነው።

ከረዳትነት ወደ ማሰልጠኛ በተደረገው ሽግግር ምን ተገኘ፣ ምን ጠፋ በሚለው ላይ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ወገን «ሕግ የሚያውቅ ትውልድ መጣ» ይላል። ሁለተኛው «መኪና የማያውቅ፣ ወረቀት የያዘ ትውልድ መጣ» ባይ ነው። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ለማጁ የሚሰለጥንበት ሜዳ፣ የሚዞርበት በርሜልና የሚያቆምበት መስመር ለፈተናው ይረዱታል። በዝናብ ጊዜ ፒስታ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ መኪናው እንዴት እንደሚሸራተት ግን ሜዳው አያሳየውም። ሐሰተኛ መንጃ ፈቃድና ፈቃዱ ወደሚቀልበት አካባቢ ሄዶ የማውጣት ነገር በመንግሥት ኃላፊዎች ንግግር በተደጋጋሚ የተነሳ ጉዳይ ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ቢሆንም አደጋውን ሁሉ በሐሰተኛ ፈቃድ ማሳበብ በሕጋዊ መንገድ ተምሮ የወጣው ሰው ምን እንደጎደለው እንዳናይ ይጋርደናል።

ሕግና ምልክት ይለያያሉ

በዚህ ጉዳይ ከሚነሱት ልዩነቶች ሁሉ ዋናው ይሄ ነው፤ በውይይት ላይም ብዙ ጊዜ ይደባለቃል። ምልክት ሕጉን በአንድ ቦታ ላይ የሚያስታውስ ወይም ለዚያ ቦታ የተለየ ትእዛዝ የሚሰጥ ነገር ነው። ሕጉ ግን ምልክት ኖረ አልኖረ አለ። ዜብራ ላይ ለገባ እግረኛ መቆም፣ ወደ አደባባይ ሲገቡ አስቀድሞ ለገባው ቅድሚያ መስጠት፣ ፊት የማይታይበት ኩርባ ላይ ደርቦ አለመቅደም፣ አምቡላንስ ሲመጣ ጥግ መያዝ፣ ሌላ መኪና ሲመጣ ረጅም መብራትን ወደ አጭር መመለስ፣ እነዚህ ሁሉ ሰሌዳ አይጠብቁም። ጠባብ ዳገት ላይ ሁለት መኪና ሲገናኝ የሚወርደው ለሚወጣው መንገድ መልቀቁም እንዲሁ ነው። ከጊምቢ በፊት ወደ ዴዴሳ በሚወርደው መንገድ ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ መኪና ከቆመ ዳግም መነሳቱ ከባድ ነው። ደንቡ ከዚህ ተጨባጭ ነገር የተነሳ ነው፤ የይሉኝታ ጉዳይ አይደለም።

የሥልጣን ቅደም ተከተልም አለ። የትራፊክ ፖሊስ እጅ ከመብራት ይበልጣል፤ መብራት ቅድሚያ ከሚያሰጥ ምልክት ይበልጣል፤ ምልክት ከጠቅላላው ደንብ ይበልጣል። በከተማ የተማረ ሰው ይህን መሰላል ከላይ ወደ ታች ይጠቀምበታል። ከባምባሲ ወደ ቶንጎ ወይም ከአሶሳ ወደ መንጌ የሚነዳ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከታችኛው ደረጃ፣ ከጠቅላላው ደንብ ጋር ብቻውን ነው። ስለዚህ ፈተናው የምልክት ሥዕል መለየትን አብዝቶ ደንብን ካሳነሰ ለዚህ ክልል ተፈታኝ የተገላቢጦሽ ይሆንበታል።

የፍጥነት ወሰን ይህን በደንብ ያሳያል። ብዙ ትውልድ የተማረው ሰንጠረዥ ከ3,500 ኪሎ ግራም ለማይበልጥ ተሽከርካሪ በከተማ ክልል 60፣ ከከተማ ውጭ በአንደኛ ደረጃ መንገድ 100፣ በሁለተኛ 70፣ በሦስተኛ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይፈቅዳል። ከ3,500 እስከ 7,500 ኪሎ ግራም ለሚመዝነው 40፣ 80፣ 60 እና 50 ነው፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ደግሞ 30፣ 70፣ 50 እና 30። ሰንጠረዡ ግልጽ ይመስላል። ግን በተግባር የሚሠራው አሽከርካሪው የቆመበትን መንገድ ደረጃና የከተማ ክልሉን መነሻ ካወቀ ነው። የከተማ መግቢያ ሰሌዳ በሌለበት፣ መንደር በመንገድ ዳር ቀስ በቀስ በሚዘረጋበት አገር የከተማው ወሰን ከየት ይጀምራል? በፓዌ በቁጥር በሚጠሩት መንደሮች መሀል የሚያልፈው መንገድ ከተማ ነው ወይስ ከከተማ ውጭ? ሁለት ሰዎች ሕጉን ጠንቅቀው አውቀው ሁለት የተለያየ ፍጥነት «ትክክል ነው» ሊሉ ይችላሉ። የፍጥነት ሰሌዳ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ያለ እሱ ሕጉ ራሱ አይወሰንም።

የርቀት ስሌቱን ማንም መካድ አይችልም። በ60 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አሽከርካሪው ሕፃን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪደርስ ድረስ ያለፈው ይኸው ነው፤ መኪናው መቀነስ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በ30 ቢሄድ በዚያው ሰከንድ 8 ሜትር ነው የሚጓዘው። የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ይገልጻል። ድርጅቱ ለከተማ ከ50 ያልበለጠ፣ እግረኛና ተሽከርካሪ ለሚቀላቀሉበት ቦታ ደግሞ 30 ይመክራል። ከኛ ሰንጠረዥ 60 ጋር ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም፤ ምክሩ ትክክል ነው እላለሁ።

ጥፋቱ የማን ነው?

የመጀመሪያው አቋም «አሽከርካሪው ነው» የሚል ነው። የፖሊስ ዘገባዎች ለዚህ ዋና መሠረት ናቸው። ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት፣ ርቀት ጠብቆ አለመንዳት፣ ከፍጥነት በላይ ማሽከርከር በየዓመቱ ከአደጋ ምክንያቶች ዝርዝር ላይ ከላይ ይቀመጣሉ። ማስረጃው ግን ከአሰባሰቡ የመጣ ድክመት አለበት። የፖሊስ ቅጽ የሚጠይቀው ተጠያቂ ሰው ነው፤ ተልእኮውም ክስ ማዘጋጀት ነው። ኩርባው ለምን እንዲያ ተሠራ፣ ድልድዩ መከለያ ለምን የለውም ብሎ ለመጠየቅ አልተዘጋጀም። ስለዚህ «አብዛኛው አደጋ በአሽከርካሪ ስሕተት የደረሰ ነው» የሚለው አባባል እውነት ቢሆንም ምክንያቱን ሁሉ ይነግረናል ማለት አይደለም።

የሟቹ ቁጥር ራሱ አከራካሪ ነው። ለ2016 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በመንግሥት በኩል የተመዘገበው ሟች 4,352 ሲሆን የዓለም ጤና ድርጅት ግምት 27,326 ነበር፤ ይኸውም ከ100,000 ሰው 26.7 ማለት ነው። ልዩነቱ ከስድስት እጥፍ ይበልጣል። ግምት ግምት ነው፤ በሒሳብ ሞዴል የተሠራ ቁጥር ስለሆነ ሰፊ የስሕተት ወሰን አለው። ከጤና ጣቢያና ከፖሊስ ጣቢያ ርቆ፣ ቆስሎ ከሳምንታት በኋላ ቤቱ የሚሞት ሰው በፖሊስ መዝገብ ላይ የመግባት ዕድሉ አነስተኛ መሆኑ ግን ግልጽ ነው። ከዓባይ በስተደቡብ ካማሺ፣ ከሰሜኑ ወንበራና ጉባ ያሉ ቀበሌዎችን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸግረውም።

ሁለተኛው አቋም «መንገዱ ነው» ይላል። ይህ አስተሳሰብ ስዊድን በ1997 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው ዜሮ ሞትን ግብ ባደረገ ፖሊሲ የታወቀ ሲሆን መነሻው ሰው መሳሳቱ አይቀርም የሚል ነው። መንገዱ የሚሠራው ስሕተቱ ሞት እንዳያመጣ ተደርጎ ነው፦ ትምህርት ቤት በር ላይ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ የእግረኛ መንገድ፣ የድልድይ መከለያ፣ የኩርባ ማስጠንቀቂያ። ይህ አቋም ለኢትዮጵያ በተለይ ሚዛን ይደፋል፤ በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸውና። እግረኛ መንጃ ፈቃድ አያወጣም። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም፣ በኋላም በሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ብዙ መንገድ ተከፍቷል። መንገድ ሲጠገን ፍጥነት ይጨምራል። ምልክቱና የእግረኛው መተላለፊያ ከአስፋልቱ ጋር እኩል ካልደረሱ በኮረኮንቹ ዘመን ያልነበረ አደጋ ይመጣል።

ሦስተኛው አቋም ቁጥጥርን ያስቀድማል። ሕጉም ምልክቱም ቢኖሩ የሚያስከብር ከሌለ ዋጋ የላቸውም የሚል ነው። የጥፋት ነጥብ አመዘጋገብ በደንብ የገባው ለዚህ ነው። ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ግን ይህ አቋም አንድ ከባድ ነገር መመለስ አለበት። ከ2011 እስከ 2014 ዓ.ም. ገደማ በመተከልና በካማሺ በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው አልቋል፤ ተሳፋሪ በያዘ አውቶቡስ ላይ ሳይቀር ጥቃት ደርሷል። ተሽከርካሪዎች በእጀባ የሚንቀሳቀሱበት ጊዜ ነበር። በእጀባ የሚነዳ ሰው ፍጥነቱንም፣ ከፊተኛው መኪና ያለውን ርቀትም፣ የሚነሳበትን ሰዓትም ራሱ አይወስንም። የጸጥታ ኃይሉ ስለ ጥይት ሲጨነቅ ስለ ቀበቶና ስለ ሄልሜት መጠየቁ የሚቀር ይሆናል። እንዲህ ያለ ጊዜ የተማረ ልማድ ሰላም ሲመጣ በራሱ አይጠፋም።

ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ካለብኝ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ። በዚህ ክልል መንገዱ እስኪታረም ድረስ ብዙ ዓመት ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ልዩነት የሚያመጣው አሽከርካሪው ባልተስተካከለ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚነዳ ማወቁ ነው። ያ ዕውቀት ደግሞ ከሥልጠና ይመጣል።

ሥዕል በየትኛው ቋንቋ ይነበባል?

ምልክት ሥዕል እንዲሆን የተመረጠው ማንኛውም ቋንቋ የሚናገር ሰው እንዲረዳው ነው። በአንድ ክልል ውስጥ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ፣ አማርኛና ኦሮምኛ ለሚነገርበት፣ ብዙ ሰው ዓረብኛም ለሚሰማበት አካባቢ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ቢሆንም ሥዕል በራሱ ይነበባል የሚለው እምነት የተጋነነ ነው። በባሕረ ሰላጤ አገሮች በአሽከርካሪዎች ላይ በተካሄዱ ጥናቶች፣ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች እንኳ ከሚያዩአቸው ምልክቶች በትክክል የሚረዱት ከግማሽ ብዙም እንዳልዘለለ ታይቷል። ሥዕል ትምህርት ይፈልጋል። ከሥዕሉ ሥር የሚለጠፈው ተጨማሪ ሰሌዳ ደግሞ ጽሑፍ ነው፤ «ከ200 ሜትር በኋላ» የሚለውን ያላነበበ ሰው ትእዛዙን እንጂ ቦታውን አያውቅም።

የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በበርታ፣ በጉሙዝና በሺናሻ ቋንቋዎች በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ከተጀመረ ግን ዓመታት ተቆጥረዋል። አንደኛው ወገን መንጃ ፈቃድ በመላ አገሪቱ የሚሠራ ስለሆነ ፈተናውም ሰሌዳውም በሁሉም ቦታ በሚነበብ ቋንቋ ይሁን ይላል። ሌላኛው ወገን ሕጉን በደንብ የሚረዳው በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ነው ይላል። ሁለቱ የሚጋጩት ፈተናና ሥልጠና ሲደባለቁ ብቻ ነው። አሠልጣኙ በበርታ ወይም በጉሙዝ አስረድቶ ሰሌዳው በአማርኛ ቢሆን የሚከለክል ነገር የለም። ለሞተር ሳይክልና ለባጃጅ ነጂዎች በተለይ ይህ ቢሠራበት ትርፉ ፈጥኖ ይታያል።

ሥልጠና ራሱ ይሠራል?

ይህ ሰዎች ሊሰሙት የማይወዱት ጥያቄ ነው። ፈቃድ ካወጡ በኋላ የሚሰጥ ተጨማሪ ሥልጠና አደጋን ይቀንሳል ወይ ብሎ የጠየቀው፣ የጤና ጥናቶችን የሚገመግመው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ፣ ይቀንሳል የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘም። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። አንዱ፣ የመንዳት ችሎታ ሲጨምር ድፍረትም አብሮ መጨመሩ ነው። በአንጻሩ ኒውዚላንድ በ1987 እ.ኤ.አ. የጀመረችውና ብዙ አገሮች የተከተሉት ደረጃ በደረጃ ፈቃድ የመስጠት አሠራር የወጣት አሽከርካሪዎችን አደጋ እንደቀነሰ ተደጋግሞ ታይቷል። በዚህ አሠራር አዲሱ አሽከርካሪ መጀመሪያ በሌሊት ብቻውን አይነዳም፤ ብዙ ተሳፋሪም አይጭንም። ልምዱ የሚሰበሰበው አደጋው አነስተኛ በሆነበት ሰዓት ነው።

እነዚህ ጥናቶች የተካሄዱት በብዛት በሀብታም አገሮች ነው። ለአሶሳ ባጃጅ ነጂ በቀጥታ ይሠራሉ ለማለት ያስቸግራል፤ እሱ የሚነዳው ለእንጀራው ስለሆነ «ሌሊት አትንዳ» ማለት ገቢውን መንካት ነው። ሆኖም ለማንም የሚሠራ ነገርም አለ። የሄልሜት ማስረጃ የማያከራክር ነው፦ ሄልሜት ያደረገ የሞተር ነጂ በግጭት የመሞት አደጋው በ42 በመቶ፣ ጭንቅላቱ የመጎዳቱ ደግሞ በ69 በመቶ ይቀንሳል። ይህ ለነጂው ብቻ አይደለም፤ ከኋላ ለሚቀመጠውም ነው።

ገና ያልተቋጩ

የአልኮል ወሰን አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ኢትዮጵያ የመዘገበችው ወሰን በ100 ሚሊ ሊትር ደም 0.08 ግራም ሲሆን ለአዲስ አሽከርካሪም ያው ነበር። ድርጅቱ የሚመክረው ለሁሉም 0.05፣ ለአዲስና ለወጣት አሽከርካሪ 0.02 ነው። አዲሱን ከነባሩ ለይቶ ማየት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው በሕግ አውጪው ዘንድ በግልጽ ሊነሳ ይገባዋል። ይለይ ባይ ነኝ። ጠላና አረቄ ለሚቀመስበት አገር የመለኪያው መሣሪያ በየወረዳው መኖሩም ከወሰኑ እኩል ያስጨንቃል።

ሌላው የፈተናው ይዘት ነው። አንድ አገር አቀፍ ፈተና መኖሩ ጥሩ ነው፤ «ቤጉ» የሚል ሰሌዳ የለጠፈ መኪና ነቀምትም አዲስ አበባም ይደርሳልና። ነገር ግን አንድ ዓይነት ፈተና መኖሩ ክልሉ በተግባር ሥልጠናው ላይ የራሱን እንዳይጨምር አይከለክለውም። ከብት በበዛበት መንገድ መንዳት፣ አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍ ድልድይ ላይ ቅድሚያ መስጠት፣ ጎርፍ በተሻገረ መንገድ ፊት ቆሞ ጥልቀቱን መገመት፣ አቧራ ከፊት ሲያለብስ መቅደም መተው፣ በሌሊት ያለ መብራት የቆመ ተሳቢን አስቀድሞ ማየት። እነዚህን በማሰልጠኛ ሜዳ ላይ ማንም አይማራቸውም።

ለክልሉ የትራንስፖርት ኃላፊዎችና ለማሰልጠኛ ባለቤቶች ያለኝ ጥያቄ ሁለት ነው። ከተግባር ሥልጠናው ሰዓት ከፊሉ ከከተማ ውጭ፣ በፒስታ መንገድና በምሽት ይሁን። መንገድ ሲከፈት ወይም ሲጠገን ደግሞ በየትምህርት ቤቱ፣ በየገበያውና በየመንደሩ መግቢያ የፍጥነት ወሰን ሰሌዳ ሳይተከል ሥራው ተጠናቀቀ አይባል። አዲስ ፈቃድ የያዝክ አንተም፣ አንቺም፦ ሰሌዳ በሌለበት መንደር ስትደርሱ ፍጥነታችሁን ወደ 30 አውርዱ።